«እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ»

በዚህ ሳምንት የምመልሰው ደብዳቤ ከአንዲት የ71 ዓመት እናት የመጣ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ አስቀምጣለሁ።

«36 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ካረፈ 4 ዓመት ሆነው። ከ2 ዓመት በፊት ልጄ ‹ብቻሽን አትሆኚም› ብላ እሷ ወዳለችበት ከተማ፣ ቤቷ አመጣችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ምንም አላጎደለችብኝም። የራሴ ክፍል አለኝ። ልብሴ ይታጠባል፣ ምግቤ ይቀርባል። ግን እንጃ፣ ደስታ የሚባል ነገር ከውስጤ ጠፍቷል። ወጥ ቤት ስገባ ልጄ ቢላዋውን ከእጄ ቀስ አድርጋ ትወስድና ‹እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ ስትሠሪ ኖረሻል› ትለኛለች። እቀመጣለሁ። እራት ላይ ሁሉም ሲስቁ እኔም እስቃለሁ፤ ምን እንደተባለ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። አብራኝ ታስተምር ከነበረች ጓደኛዬ ጋር ከተደዋወልን ዓመት አለፈ፤ አሁን ብደውል ምን እላታለሁ? ለ9 ዓመቷ የልጅ ልጄ በሳምንት 2 ቀን የሒሳብ አስጠኚ ይመጣላታል። ባለፈው ደብተሯ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አየሁት። 1/2 እና 1/3ን ደምራ 2/5 ብላለች። እርሳስ አነሳሁ። ከዚያ ‹ምን አገባኝ› ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ለልጄ ብነግራት ውለታ ቢስ የሆንኩ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ደስታ መፈለግስ ራሱ ነውር ነው?»

እናቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። ነውር አይደለም። ጥያቄው ራሱ አንጀቴን በልቶታል። የ30 ዓመት ሰው «በልተሃል፣ ለብሰሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ቢባል ይቆጣል፤ ማንም አይፈርድበትም። እርስዎ ግን ይህንኑ ጥያቄ ራስዎ ለራስዎ እያቀረቡ ሌሊቱን ያነጋሉ። ልጅዎን ከልብ ያመሰግናሉ፣ ደግሞም ከፍቶዎታል። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ የለብዎትም።

«ዕድሜ ነው እንግዲህ» ብለው እንዳይተዉት ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ዴቪድ ብላንችፍላወርና አንድሩ ኦስዋልድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን በ2008 እ.ኤ.አ. የብዙ አገሮችን መረጃ አሰባስበው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። እነሱ እንዳገኙት የሰው እርካታ በአማካይ በጣም ዝቅ የሚለው በ40ዎቹ ዕድሜ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ እርጅና ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ላውራ ካርስተንሰንም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ በአማካይ ንዴቱም ጭንቀቱም ይቀንስለታል። የቀረው ጊዜ ውስን መሆኑን ስለሚያውቅ ለማይረባ ነገር ጉልበቱን አያባክንም። በእርግጥ ይህ አማካይ ነው። ሕመም፣ ሐዘንና ብቸኝነት የገቡበት ቤት ውስጥ ነገሩ ይለያል። ቢሆንም ደስታዎን የሰረቀው 71 የሚባለው ቁጥር አይመስለኝም። ደብዳቤዎን ሦስቴ አንብቤ ሁሌም የምመለሰው ወደ ቢላዋውና ወደ እርሳሱ ነው።

እኔም የልጅዎን ስህተት ሠርቻለሁ። እናቴ ልብስ ትሰፋ ነበር። ዓይኗ ሲደክም መርፌ ይወጋታል፣ መቀስ ይቆርጣታል ብዬ ፈራሁ። የስፌት ዕቃዋን በሙሉ በካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። «ከእንግዲህ የሚያስፈልግሽን እኔ እገዛልሻለሁ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም። የተስማማች መሰለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ እጄን ምን ላድርገው?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። እንደ እውነተኛ ጥያቄ ነበር የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ካርቶኑን አወረድኩ። ደህና ብርሃን ያለው መብራት ገዝቼ ወንበሯ አጠገብ አቆምኩ። ከዚያ ረዝሞብኝ የነበረ ሱሪ ሰጠኋትና አሳጠረችልኝ። አንደኛው እግሩ ከሌላኛው ትንሽ አጥሮ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ለበስኩት።

ልጅዎ ቢላዋውን የምትወስደው ስለምትወድዎት ነው፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ጥላቻ ቢሆን መልስ ይሰጡት ነበር። ፍቅር ሲሆን ግን ሰው አፉን ይዞ ይቀመጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ ጠዋት ሲነሳ እሱን የሚጠብቅ አንድም ነገር የሌለው ሰው ይሆናል። እርስዎ 36 ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንድ ክፍል ተማሪ ይጠብቅዎት ነበር። ባለቤትዎም ይጠብቁዎት ነበር። አሁን ማን ይጠብቅዎታል? ቢቀሩስ ምን ይጎድላል? እኔ እንደማምነው በስተርጅና ለደስታ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ እርስዎ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ፣ ትንሽም ቢሆን የራስዎ የሆነ ነገር።

ይህን ከሜዳ ተነስቼ አልተናገርኩም። በ1976 እ.ኤ.አ. ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት ውስጥ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጥናት አድርገው ነበር። በአንደኛው ፎቅ ለሚኖሩት አረጋውያን «ክፍላችሁን እንዴት እንደምታደርጉት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» ተባሉ። የሚንከባከቡት ተክልም መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ። በሌላኛው ፎቅ ላሉትም ተክል ተሰጣቸው። ግን «ውሃ የምታጠጣላችሁ ነርሷ ናት፣ እናንተ አትቸገሩ፣ ለሁሉም ነገር እኛ አለን» ተባሉ። ከ3 ሳምንት በኋላ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ የራሳቸው የሆነው አረጋውያን ይበልጥ ንቁ፣ ይበልጥ ደስተኛና ከሰው ጋር ይበልጥ ተጫዋች ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው አልተካተተበትም። ግን ልብ ይበሉ፣ «እናንተ አትቸገሩ» የተባሉትም ተክል ነበራቸው። የጎደላቸው ውሃ ማጠጣቱ ነው።

ሌላው ደግሞ የእርስዎን ጉዳይ በቀጥታ ይነካል። ባልቲሞር በምትባለው የአሜሪካ ከተማ፣ ኤክስፒሪየንስ ኮርፕስ በሚባል ፕሮግራም፣ ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄዱ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ልጆችን ይረዱ ነበር። ተመራማሪዎች ሲከታተሏቸው ልጆቹ ብቻ አልነበሩም የተጠቀሙት። ትልልቆቹም እንቅስቃሴያቸው ጨመረ። ችግር ሲገጥማቸው «ለእሱ እነግረዋለሁ» የሚሉት ሰውም በዛላቸው። እርስዎ ለዚህ የትም መሄድ አያስፈልግዎትም። ተማሪዋ እዚያው ቤት ናት። ለ36 ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እየተበላሸ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን ያነጋግሯት። እራት እየሠራች እያለ አይሁን። ከሥራ ደክማ እንደገባችም አይሁን። በእረፍት ቀን ጠዋት፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ይሻላል። አደራ፣ «ላግዝሽ» አይበሏት። «ላግዝሽ» ካሏት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ግዴለም እማዬ» ትላለች፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እገዛ ሲኖርም ባይኖርም ቤቱ ይሄዳል። እርስዎ የሚጠይቁት ሥራ ነው። እንዲህ ቢሏትስ፦ «ልጄ፣ ላደረግሽልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቁጭ በይ ስትዪኝ የማልረባ እየመሰለኝ ሆድ ይብሰኛል። የእሁድን ምሳ ለእኔ ተዪልኝ። ምን እንደሚሠራ የምወስነው እኔ ነኝ፣ የምሠራውም እኔ ነኝ። የልጅቷንም ክፍልፋይ ለእኔ ተዪው።»

ምናልባት ታለቅስ ይሆናል። ምናልባትም «ለአንቺ ብዬ ነው እኮ» ትላለች። ያኔ አይመለሱ። ምን እንደሚያስፈራት ይጠይቋት። እጅዎን ሲቆርጡ አይታ ሊሆን ይችላል። ምድጃ በርቶ ተረስቶ ያውቅ ይሆናል። ፍርሃቷ እውነት ከሆነ መፍትሔ ይፈለግለታል፦ ተቀምጦ መክተፍ፣ ጥሩ መብራት፣ ምድጃው ላይ የሰዓት ማስታወሻ። ቢላዋ ከመውሰድ በፊት የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። የእሁዱ ምሳ አንድ ቀን ጨው ቢበዛበትም ይብሉት። ሥራው የእርስዎ መሆኑ የሚታወቀው ሲበላሽም የእርስዎ ሆኖ ሲቀር ነው።

አሁን ስለ ጆሮዎ። ደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር አልፈውታል። ለእኔ ግን ከቢላዋው ያልተናነሰ ከባድ ነው። ያልሰሙትን ሳቅ መሳቅ ብቸኛ ያደርጋል፤ ያውም ከሰው መሃል ተቀምጠው። የመስማት ችግር በዕድሜ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው። ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። በተለይ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራና ቴሌቪዥን ሲከፈት ይብሳል። ሰው «አልሰማሁም» ማለት ሲሰለቸው ከጨዋታ ይወጣል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ የመስማት ችግርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ልናስተካክላቸው ከምንችላቸው ነገሮች መካከል አስቀምጦታል። ስለዚህ ይመርመሩ። አንዳንዴ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ማዳመጫ መሣሪያ ካዘዙልዎት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ጫጫታ ሆነብኝ ብለው መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። አእምሮ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጅበታል። እስከዚያው እራት ላይ የሁሉም ፊት የሚታይዎት ቦታ ይቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። ቤተሰቡም እንዲጮህ አይጠበቅበትም። ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ረጋ ብሎ ቢናገር ይበቃል። እርስዎም «ምን አላችሁ? ድገሙልኝ» ይበሉ።

ለጓደኛዎ ይደውሉላት። «ምን እላታለሁ?» ብለዋል። «ዛሬ ትዝ አልሽኝ» ይበሏት። ሌላ መግቢያ አያስፈልግም። እሷም በበኩሏ ስልኳን ይዛ «ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ብደውል ምን ትለኛለች» እያለች ሊሆን ይችላል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጥናት 724 ወንዶችን ከወጣትነታቸው አንስቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል። ከሀብታም ቤትም፣ ከድሃ ሰፈርም የመጡ ነበሩ። ጥናቱን የሚመሩት ሮበርት ዋልዲንገር እንደሚሉት፣ በ80 ዓመታቸው ጤነኛ የሚሆኑት እነማን እንደሆኑ ለመገመት በ50 ዓመታቸው የነበራቸው ኮሌስትሮል ብዙም አልረዳቸውም። በዚያ ዕድሜ ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ምን ያህል ይረኩ እንደነበር የተሻለ ፍንጭ ሰጥቷል። ይህ ሲባል ብዙ ወዳጅ ይሰብስቡ ማለቴ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የወዳጅ ቁጥር ማነሱ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል፤ እውነቱን የሚነግሯቸው ከሆኑ። ከጓደኛዎ ጋር ቀን ቁረጡ። ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። ያኔ ማክሰኞ የሚጠብቅዎት ሰው አለ ማለት ነው።

ስለ ባለቤትዎ የጻፉልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ቤት ስማቸው ይነሳል? ብዙ ቤተሰብ «እናስለቅሳታለን» ብሎ የሞተውን ሰው ስም ከማንሳት ይቆጠባል። እርስዎ ደግሞ «አስጨንቃቸዋለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። እርስዎ ይጀምሩ። ለልጅ ልጅዎ ስለ አያቷ አንድ ታሪክ ይንገሯት፤ የሚያስቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ያለፈውን እያነሱ ማውራት የመጃጀት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሮበርት በትለር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው በስተርጅና ሕይወቱን መለስ ብሎ መቃኘቱ ተፈጥሯዊና ጠቃሚ መሆኑን አስረድተዋል። ካለቀሱም ያልቅሱ። 4 ዓመት ለእንዲህ ያለ ሐዘን ብዙ አይደለም።

እንቅልፉን በተመለከተ፣ በእርስዎ ዕድሜ እንቅልፍ ቀለል ማለቱና ቶሎ መንቃት የተለመደ ነው። ጠዋት ወጣ ብለው ብርሃን ላይ መራመድ ይረዳል። ቀን ሸለብ ካደረግዎት ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን 22 ደቂቃ ያህል ፈጠን ያለ እርምጃ እዚያ ያደርስዎታል። በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመርበት ይላል፤ እንዳይወድቁ ነው። ለምሳሌ ወንበር ይዞ በአንድ እግር መቆም።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ደስታ ጠፋ፣ ሌሊት እነቃለሁ፣ ምን አገባኝ አልኩ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የድብርት ሕመም ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ስሜት አብዛኛውን ቀን አብሮዎት ውሎ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይዩ። ድብርት የእርጅና ዕጣ አይደለም፤ በ71 ዓመትም ይታከማል። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ተመሳሳይ ስሜት ሊያመጡ ስለሚችሉ ሐኪሙ ያን ያጣራል። «ዕድሜዬ ነው» ብለው ራስዎን አያሰናብቱ፤ ሐኪም እንዲህ ካለዎትም ሌላ ሐኪም ይጠይቁ። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ለሐኪምም ለልጅዎም ዛሬውኑ ይንገሩ። ሌሊትም ቢሆን ይቀስቅሷት። ከ2 ዓመት በፊት «ብቻሽን አትሆኚም» ያለችዎት ልጅ ናት።

ይህን የምታነቢ የእሳቸው ልጅ ከሆንሽ፣ ወይም እንደ እሷ እናትሽን ይዘሽ የምትኖሪ ከሆነ፣ ጥፋተኛ ነሽ ለማለት አልጻፍኩም። እኔም ካርቶን ሰቅያለሁ። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፤ የምታውቂውን ሳይሆን በእውነት የማታውቂውን። እሷ ልታደርግልሽ የምትችለው ብዙ ነገር አለ።

እናቴ፣ ወደ ደብተሩ ልመለስ። 36 ዓመት ያስተማሩ ሰው ይህን ስህተት ስንት ሺህ ጊዜ አይተውታል! ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ 2/5 አገኘች። ግማሽ ላይ ጨምራ ከግማሽ ያነሰ ነገር አገኘች ማለት ነው። አስጠኚው ምናልባት «5/6 ነው» ብሎ አስተካክሎላት አልፏል። እሱ ላይ መፍረድም፣ ከእሱ ጋር መፎካከርም አያስፈልግም። እርስዎ ግን መልሱን ከመስጠት የተሻለ ነገር ያውቃሉ። ዛሬ ደብተሩ ተከፍቶ ካገኙት እርሳሱን መልሰው አያስቀምጡት። አጠገቧ ይቀመጡና «እስቲ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቋት። ከዚያ አይቸኩሉ፤ እስክታስብ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቋት።